ጋሽ አንጁሎና የሕዝብ እንፋሎት

ጋሽ አንጁሎ ባለፈው ሳምንት ቁስቋም ማርያም ተቀበሩ። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ሰው በሕይወት እያሉ አንድ ቀን አይቷቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። መነጽሩን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በልዩ ልዩ የሥራ ኃላፊነት ሀገራቸውን በቅንነት አገልግለዋል» አለና ወደሚቀጥለው መስመር ዘለለ። ጋሽ አንጁሎ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ቦይለር አጠገብ ነው የቆሙት። ልዩ ልዩ የነበሩት አዛዦቻቸው ናቸው፤ እሳቸው የሚሠሩት ያው አንድ ሥራ ነበር።

እዚያው ቆሜ ማስተካከል እችል ነበር። ግን እኔ እጅ በማንሳት የታወቅኩ ሰው አይደለሁም። እኔ የታወቅኩት ሌሎች እጃቸውን ሲያነሱ በመቁጠር ነው።

በጳውሎስና በዊንጌት መካከል አንዲት የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ እሷም ራሷ ስሟን ሦስት ጊዜ ቀይራለች። ከተወረሰች በኋላ የሕዝብ ሆነች ተባለ። የሕዝብ መሆኗን ያወቅነው ቀድሞ አንድ አለቃ የነበረን ሰዎች የሚያዙን ኮሚቴዎች ሦስት ሲሆኑ ነው። እኔ የጽሕፈት መኪና መቺ ነበርኩ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ስለተባለ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔ ሆንኩ።

ጨርቅ የሚቀለመው በፈላ ውሃ ነው፤ ውሃውን የሚያፈላው ደግሞ ከግቢው ጀርባ ካለው ቦይለር የሚመጣ እንፋሎት ነው። ቦይለሩ አናት ላይ ሁለት ጡጫ የምታክል የነሐስ ዕቃ ተቀምጣለች። ጋሽ አንጁሎ ከቀድሞ ጣሊያን አለቃቸው በተማሩት ስም ቫልቮላ ይሏታል። ሥራዋ ቀላል ነው። የእንፋሎቱ ግፊት ከልኩ ሲያልፍ ማንንም ሳታስፈቅድ ትከፈታለች፤ ትርፉን ታስተነፍስና ልኩ ሲመለስ ትዘጋለች። እሷ ባትከፈት ቦይለሩ ይፈነዳል። ከቦይለሩ ቤት ግድግዳ ማዶ ደግሞ አርባ ሴቶች የማቅለሚያ ገንዳ ላይ ጎንበስ ብለው ይውላሉ።

ጋሽ አንጁሎ አጭር፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንገታቸው ላይ ጨርቅ የሚጠመጥሙ ሰው ነበሩ። አባታቸው ሽሮ ሜዳ የታወቁ ሸማ ሠሪ ነበሩ፤ ልጅየው ከሸማው ሸሽቶ ብረት ቤት ገባ። ጣታቸው ግን አልሸሸም። አባታቸው ድር መወጠሩን በጣታቸው እንደሚያውቁት ሁሉ፣ እሳቸውም መሰላል ላይ ወጥተው ቫልቮላዋን ተጭኖ የሚዘጋትን ሞላ በሁለት ጣት ነካ አድርገው «ዛሬ ደህና ናት» ወይም «ዛሬ አኩርፋለች» ይሉ ነበር። እኛ እንስቅባቸዋለን። ጋሽ አንጁሎ ግን መሳቃችንን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም።

በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ የቫልቮላዋን እጀታ በገመድ ስበው ይከፍቷታል። ያኔ የምታወጣው ጩኸት እስከ ቁስቋም ዳገት ይሰማል። የሰፈር ሴት ልብሷን ከገመድ ላይ ትሰበስባለች፤ ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ የነበራቸው ሐጂ ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ። ገመዱን ሲለቁት ትዘጋለች። ከዚያ ጋሽ አንጁሎ ከኪሳቸው በቁራጭ ጨርቅ የተለበጠ ደብተር ያወጡና ይጽፋሉ። አንድ ቀን አጮልቄ አየሁት። «ቅዳሜ። ግፊት ስድስት። ተከፈተች። ተዘጋች።» በቃ፣ ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ በራሷ የምትከፈት ከሆነ ምን ያስነካካዎታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ዝም ብላ ስትቀመጥ ወይ ጤነኛ ናት ወይ ሞታለች። ከታች ሆነሽ ብታንጋጥጪ ሁለቱ አይለዩልሽም» አሉኝ።

ጓድ ጌታነህ የመጣው በዚህ መሀል ነው። የስድስት ወር የካድሬ ሥልጠና ወስዶ ነው የተላከልን። በስድስት ወር ውስጥ የዓለምን ታሪክ ከጥንት እስከ መጨረሻው፣ ያልደረሰውንም ጨምሮ፣ አጠናቋል። ቦይለር ግን በትምህርቱ ውስጥ አልነበረም። በመጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከጀርባ ግቢ ሲዘዋወር ስድስት ሰዓት ሞላና ቫልቮላዋ ጮኸች። ጓድ ጌታነህ መሬት ላይ ተኛ። ማንም አልሳቀም፤ በዚያ ዘመን የማይሳቅበትን እናውቅ ነበር።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የሚባክነው እንፋሎት የማን ነው?» አለ ጓድ ጌታነህ።

መልሱንም ራሱ ሰጠ።

«የሕዝብ ነው!»

አጨበጨብን። ጋሽ አንጁሎ ከኋላ ተነሡ። «ጓድ፣ ማባከን አይደለም፣ ምርመራ ነው። ካልተነካች ከውሃው የሚቀረው ዝቃጭ ያጣብቃታል። የተጣበቀች ለት አትከፈትም።»

«እስካሁን ግፊቱ ከልኩ ያለፈው ስንት ጊዜ ነው፣ ጓድ አንጁሎ? መልስ እንጂ።»

«በኔ ጊዜ አንድም ቀን።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትፈራው?»

ጓድ የሚለው ቃል አንዱ ጥቅሙ ይህ ነበር፤ አባትህ የሚሆን ሰውን ያለ ሐፍረት አንተ ያስብላል። እንደገና አጨበጨብን። ቫልቮላዋ እንዳትነካ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ውሳኔውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ርዕሱንም አሳምሬ «የሕዝብን እንፋሎት ከብክነት ስለ መከላከል» አልኩት። ሐጂ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሰዓታቸው ተሳሳተ።

ሰባት ቅዳሜ አለፈ። የጋሽ አንጁሎ ደብተር «አልተነካችም» በሚል ቃል ሞላ። ጉንጫቸው ገባ። ከሴቶቹ አንዷ ከግድግዳው ማዶ ከት ብላ ስትስቅ ከተሰማ መሰላሉ ላይ ወጥተው መዳፋቸውን ቫልቮላዋ ላይ ያሳርፋሉ። መዳፍ ምን ይነግራቸው እንደነበር አላውቅም። ለእሳቸውም የነገራቸው አይመስለኝም።

በስምንተኛው ቅዳሜ በውይይት ክበብ ላይ አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ጋሽ አንጁሎ እጃቸውን አነሡ። በውይይት ክበብ ተናግረው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ደንግጦ ራቅ አለ።

«ጓዶች» አሉ፣ ቃሉን አፋቸው ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች እያገላበጡ፣ «መፈክር ስናሰማ ድምፃችን ከአጥር አይወጣም። ዊንጌት ያሉት አይሰሙንም። ጳውሎስ የተኙት በሽተኞች እንኳ አይሰሙንም። ቦይለሩም እንደኛ ሠራተኛ ነው፤ አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ግን አንድ ቀን መፈክር አላሰማም። ውይይታችንን ስንጨርስ አብሮን ቢጮህ ምን ይመስላችኋል?»

የጓድ ጌታነህ ዓይን እንባ ሞላ። ስሜን ቄስ ይጥራው፣ ሞላ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ለጩኸቷም «የወዛደሩ ድምፅ» የሚል ስም ወጣላት። ከስምንት ሳምንት በፊት ብክነት የነበረችው ቫልቮላ ታጋይ ሆነች። ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ስንወጣ ተከተልኳቸው። «ጋሼ፣ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ አብዮተኛ የሆኑት?»

«ከዛሬ ጠዋት» አሉኝ። «አርባ ሴት ከግድግዳው ማዶ አለ። የፈለጉትን ስም ያውጡላት። ብቻ በሳምንት አንዴ ትከፈት።»

ያን ዕለት ወደድኳቸው። አሁንም ስጽፈው እወዳቸዋለሁ።

ይሁንና ጓድ ጌታነህ ነገር ከወደደ ልክ አያውቅም። የጥጥ ጨርቅ ጭነት ሲደርስ ቫልቮላዋ ትጮኻለች። ኮከብ ሠራተኛ ሲሸለም ትጮኻለች። ከሌላ ፋብሪካ ልምድ ሊቀስሙ የመጡ እንግዶች በር ላይ ሲወርዱ ትጮኻለች፤ ሲሳፈሩም ትሸኛቸዋለች። ዕቃ ነገር በሳምንት አንዴ ሲነካ ጤና ነው፣ በቀን ሦስቴ ሲነካ ግን ያልቃል። የሚገጥሙት ሁለት የነሐስ ፊቶች ተበሉና ቫልቮላዋ ከተዘጋችም በኋላ ቀኑን ሙሉ ሲር ትል ጀመር።

«ደከማት» አሉ ጋሽ አንጁሎ። «ቦይለሩ አንድ ቀን ይቀዝቀዝና ላውርዳት። ሁለቱን ፊቶች በቅባት አሽቼ አስተካክዬ እመልሳታለሁ። አንድ ቀን ብቻ።»

አንድ ቀን ማቆም የማይታሰብ ነበር፤ በሥራ ውድድር ላይ ነበርን። ከማን ጋር እንደምንወዳደር እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

በዚያው ሰሞን ከጋሽ አንጁሎ ጋር ተቀያየምኩ፤ ማለቴ፣ እኔ ተቀየምኩ። ሰኞ ሰኞ የነዳጅ ቅጹን ላስፈርማቸው ቦይለር ቤት እገባ ነበር፤ አግዳሚያቸው ላይ ቁጭ ብዬ ጥቂት አወራቸዋለሁ። አንድ ሰኞ በሩ ላይ አገዱኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አትግቢ። እዚያው ሆነሽ ጥሪኝ፣ እወጣለሁ።»

«ምን አደረግኩ ጋሼ?»

«ሙቀት ነው። አትግቢ ብያለሁ፣ በቃ።»

ሙቀቱ ዛሬ አልመጣም። የኮሚቴው ጸሐፊ ስለሆንኩ ወሬ ታቀብላለች ብለው ነው አልኩና አኮረፍኩ። ከዚያ ወዲያ ቅጹን በሩ ላይ ሆኜ እሰጣለሁ፤ ከሰላምታ በቀር አልናገርም። እሳቸውም እርሳሳቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይገባሉ።

የአብዮት በዓል ደረሰ። ከበላይ አካል ትልቅ እንግዳ መጥተው ንግግር እንደሚያደርጉ ተነገረንና ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጓድ ጌታነህ ዕቅዱን አቀረበ። እንግዳው ሲጨርሱ የወዛደሩ ድምፅ እንደወትሮው ለአንድ አፍታ ሳይሆን ረዘም ላለ ጊዜ ይሰማል። ለዚህም ግፊቱ ከተለመደው ከፍ ይላል። ቫልቮላዋ ከሰዓቷ በፊት እንዳትከፈት ደግሞ ሞላዋ ጠበቅ ይደረጋል።

ጋሽ አንጁሎ ለጥያቄ ተጠርተው በር አጠገብ ቆመው ነበር። ረጋ ብለው ተናገሩ። «እኔ እቃወማለሁ። ሞላዋን አላጠብቅም። ወርዳ ሳትታይ ግፊት አልጨምርም። ፊቷ ተበልቷል፤ ሞላዋን አጥብቀን ብትጣበቅ ግድግዳው በሴቶቹ ላይ ይሄዳል። የተናገርኩት ይጻፍልኝ።»

«ይጻፍልኝ» ሲሉ ያዩት እኔን ነው። ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ነበር። «ጋሽ» የሚለውን «ጓድ» ለማድረግ ስሰርዝ ጓድ ጌታነህ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለና «ቃለ ጉባኤያችንን በቴክኒክ ዝርዝር አናጣብበው» አለ።

አላጣበብኩትም። ገጹን ቀይሬ «ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ተደገፈ» ብዬ ጻፍኩ። ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግለት ደስ ባለኝ፤ የለም።

በበዓሉ ጠዋት ጓድ ጌታነህ ራሱ ቦይለር ቤት ገብቶ አንዱን የጥበቃ ሠራተኛ ነዳጁን ጨምር ብሎ አስጨመረ። የሞላዋን ማጥበቂያ መፍቻ ግን ማንም ሊያገኘው አልቻለም። ጋሽ አንጁሎ በማለዳ ኪሳቸው ከተውት፣ ከሴቶቹ ጋር ሰልፍ ላይ ቆመው መፈክር ያሰሙ ነበር።

እንግዳው ንግግራቸውን ጀመሩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንደደረሱ ግፊቱ ከልኩ አለፈና ቫልቮላዋ ተከፈተች። የወዛደሩ ድምፅ ነው ብለን ሁላችንም ግራ እጃችንን ጨብጠን አነሳን። እንግዳው ደነገጡ፣ ከዚያ ፈገግ ብለው እሳቸውም አነሱ። ቫልቮላዋ አልተዘጋችም። ፊቷ ስለተበላ ግፊቱ ቢቀንስም አልገጠምም አለች። እጃችን በአየር ላይ ነው። መጀመሪያ የሚያወርደው ሰው ማን ይሁን? ማንም። እንግዳው ከሁሉ በፊት ሊያወርዱ አይችሉም፣ እኛ ከእንግዳው በፊት ልናወርድ አንችልም። ክንዴ ሲዝል በቀኝ እጄ ደገፍኩት። በእንፋሎቱ የመጣ ዝገታም ውሃ በእንግዳው ካኪ ኮት ላይ ጠብ ጠብ አለ። ጋሽ አንጁሎ ከሰልፉ ወጥተው ነዳጁን እስኪዘጉትና ቦይለሩ እስኪበርድ ድረስ እንዲያ ሆነን ቆየን። አርባዎቹ ሴቶችም እዚያው ነበሩ፤ ሙሉ ሆነው፣ ክንዳቸውን እያሹ።

ማክሰኞ መርማሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ክሱ «በእንፋሎት ንግግር የማቋረጥ አሻጥር» ይላል። ጓድ ጌታነህ ሁሉም ነገር በሙሉ ድምፅ እንደተወሰነ አስረዳ፤ ቃለ ጉባኤዬ ተነበበ፤ ከእሱ የሚበልጥ ምስክር አልነበረም። ሰብሳቢው ወደ ጋሽ አንጁሎ ዞረ።

«ጉድለት ካየህ ለምን አልተቃወምክም? ወይስ ተቃውመህ ነበር? ልብ በል። ተቃውሞ ቀርቦ ቃለ ጉባኤው ላይ ከሌለ፣ ያጠፋው ሰው ነው አሻጥረኛው። አሁኑኑ ነው የምናስረው።»

ያጠፋው ሰው እኔ ነበርኩ። ነጠላዬን ወደ ሆዴ ሰበሰብኩ። ጓድ ጌታነህ ጣራውን ያያል። ጋሽ አንጁሎ ግፊት መለኪያ ሲያነቡ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ትንሽ አዩኝ።

«አልተቃወምኩም» አሉ።

«የምትጨምረው አለ?»

«አለኝ። ቫልቮላዋ ወርዳ ትታይ። ይህች ትጻፍልኝ።»

ይህቺኛዋን ጻፍኳት፤ በሚያምር የእጅ ጽሑፌ። ጋሽ አንጁሎ አምስት ወር ቀበሌ ታሰሩ። ቫልቮላዋ ቅዳሜ ወረደች፣ ታሸች፣ ተመለሰች። ስብሰባ የወሰነውን ማን ይሽራል?

እኔም ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። «ያው እሳቸውም ፈሩ» አልኩ ለራሴ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ዓመት እንደኖርኩባት! እኔ አንድ ጊዜ ፈራሁ፣ እሳቸውም አንድ ጊዜ ፈሩ፤ ተቻቻልን። እሳቸው ሲፈቱ እኔ ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ግቢ ጠራጊ ሆነው መጥረጊያ ይዘው አገኘኋቸው። «እንዴት ነሽ ልጄ?» አሉኝ፤ ሌላ ቃል የለም። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ ያስደግፉና ጆሯቸውን ያቆማሉ። ቫልቮላዋ ትጮኻለች። ደብተራቸውን ያወጣሉ።

በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ቁስቋም ዳገት ላይ ያለው ቤታቸው ለቅሶ ደረስኩ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የፋብሪካ ሰው መሆኔን እንጂ ሥራዬን አያውቁም። ከአልጋ ሥር አንድ ቁልል ደብተር አወጡ፤ ሁሉም በቁራጭ ጨርቅ የተለበጡ ናቸው።

«አስካለ፣ ዓይኔ አላነብም ብሎኛል። ዕድሜ ልኩን ሲጽፍ ነው የኖረው፣ እስቲ ምን እንደሚል አንብቢልኝ።»

«ቅዳሜ። ግፊት ስድስት። ተከፈተች። ተዘጋች» ብዬ አነበብኩ። ገለጥኩ። «ቅዳሜ። ተከፈተች። ተዘጋች።»

«ወይ አንጁሎ! ይህን ሁሉ ዘመን ስለ ብረት ነው?» አሉና በለቅሶ መሀል ሳቁ። «እኔ እኮ ስለ ሌላ ሴት መስሎኝ ስንቴ ተጣልቼዋለሁ።» ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «የታሰረበትን ዘመን ፈልጊልኝ። አምስት ወር ሙሉ ምሳ ተሸክሜ ስመላለስ ለምን እንደታሰረ አንድ ቀን አልነገረኝም። ስጠይቀው ሙቀት ነው ይለኛል። ሳላውቅ ሞተ።»

ፈለግኩ። አገኘሁት። ከበዓሉ በፊት ባለው ገጽ «ተቃወምኩ። አልተጻፈም» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፦ «ማክሰኞ። ተጠየቅኩ። አልተቃወምኩም አልኩ። ጸሐፊዋ ነፍሰ ጡር ናት፣ ገና ለሰው አልተናገረችም። እስር አትችልም። ቫልቮላዋ ትወርዳለች።»

ያን ማክሰኞ የሦስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ስላስወረደኝ ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም ነበር። ቦይለር ቤቱ በር ላይ ሲያግዱኝ ግን እሳቸው አውቀው ነበር። እኔ አኩርፌ ነበር።

ገጹን ዘልዬ ስለ ብረት ማንበብ እችላለሁ። እትዬ ብርቄ አያውቁም። መዝለል ደግሞ እችልበታለሁ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

አንድ ቃል ሳልተው አነበብኩላቸው። እትዬ ብርቄ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ያፍተለትሉ ነበር።

«ለመሆኑ ጸሐፊዋ ማን ነበረች?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።